ከፋሲል ግንብ ላይ እጃችሁን አንሱ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ፋሲል ግቢን እየጎበኘን የምናደርሰው ጥፋት ከልክ አልፏል።

አጼ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ ወዲህ ልጃቸው ዮሐንስ፣ የልጅ ልጃቸው ኢያሱ፣ በኋላም አጼ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እየተከታተሉ ያነጹት ግቢ ነው። የኢያሱን ግንብ እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ ጣልያንን ለማስወጣት የተጣለ የእንግሊዝ ቦምብ መታው። እንደዚያም ሆኖ ቆሟል። ይህን ሁሉ የቻለ ግንብ ላይ ሚስማር ይዞ ስም የሚጭር ጎብኚ ግን ከእኛው መካከል አለ። ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

ግድግዳውን ቀርባችሁ እዩት። ጥቁሩ ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ እርስ በርሱ ያያዘው ግን ኖራ ነው። ጫሪውም ድንጋዩ ስለማይበገርለት ኖራው ላይ ይበረታል፤ «እገሌና እገሊት» ብሎ ልብ ይስልበታል። በዚያች ጭረት የክረምት ውሃ ይገባል፣ አፈር ይጠራቀማል፣ ሣር ይበቅላል፣ ሥሩም ድንጋዩን ያላቅቀዋል። በሲሚንቶ ይለሰናላ የምትሉ ካላችሁ፣ በጣልያን ዘመን በሲሚንቶ የተጠገነው ስላልተስማማው ኋላ በኖራ መተካት ግድ ሆኗል።

ሙሽሮች፣ ግቢው ለሰርጋችሁ ያምራል፤ እሰየው፣ ግቡ፣ ፎቶ ተነሱ። ቬሎ የለበሰችን ልጅ ግን ለአንድ ፎቶ ብሎ ከፈረሰው ግንብ ጫፍ ላይ ማውጣት ነውር ነው፤ ለግንቡም ለእሷም አደጋ ነው። ሣሩ ሰፊ ነው፣ እዚያ ቁሙ። ወላጆችም፣ ልጃችሁ የነገሥታቱ አንበሶች ይኖሩበት በነበረው ቤት የብስኩት ላስቲክ ሲወረውር እያያችሁ ዝም አትበሉ።

ለጥምቀት የምትወርዱ ወጣቶች፣ በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ዙሪያ ያሉት የዋርካ ሥሮች ከግንቡ ጋር ተጣብቀው አድገዋል። ውሃው ውስጥ ዝለሉ፣ በዓላችሁ ነው። ሥሩ ላይ እየተንጠላጠላችሁ ግን አጥሩን አታናጉት።

«የመንግሥት ነው፣ መንግሥት ይጠብቀው» የሚለውን ወሬ ተዉት። ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግበው ዘበኛ አልላከልንም። ግንቡን የሚጭር ስታዩ «ምን አገባኝ» ብላችሁ አትለፉ፤ ስሙን ሳይጨርስ እጁን ያዙት።