ሚዛኑ ስለ ግፊት ምን ያውቃል?

ባለፈው ቅዳሜ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። «የአመጋገብ አማካሪ» የተባሉ እንግዳ ይጠየቃሉ። አንዲት ሴት ደወለች። የግፊት ክኒን ትወስዳለች። በሦስት ወር 9 ኪሎ ቀንሳለች። አሁን ከተቀመጠችበት ብድግ ስትል ዓይኗ ይጨልምባታል። የእንግዳው መልስ፦ «አይዞሽ፣ ሰውነትሽ እየጸዳ ነው። ኪሎው ከወረደ ግፊቱም አብሮ ይወርዳል። መለካቱን ተዪው። መለካት ጭንቀት ነው፣ ጭንቀት ደግሞ ግፊት ያመጣል።» አዘጋጁ አመሰገነ፣ ዘፈን ተለቀቀ።

እየጸዳ ነው! ሴትዮዋ ምንጣፍ ናት እንዴ?

ኪሎ ሲቀንስ ግፊት መውረዱ እውነት ነው። ጥናቶች እንደሚሉት ለእያንዳንዱ ኪሎ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ1 ገደማ ይቀንሳል። ይህን ለእሳቸው ልተውላቸው። ግን ጣጣው የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ግፊቱ ሲወርድ ክኒኑ የት ወረደ? ሴትዮዋ ወፍራም ሳለች የታዘዘላትን ያንኑ መጠን ዛሬም ትውጣለች። ክብደቷ መቀነሱ አንድ ጊዜ ያወረደውን ግፊት ክኒኑ እንደገና ይጫነዋል። ቢያዞራት ምን ይገርማል? ተቀምጣ አንዴ፣ ቆማ አንዴ ብትለካ ይታወቃል። ስትቆም የላይኛው ቁጥር በ20 ከወረደ፣ ሐኪም ጋ መሄድ ነው እንጂ ምን መጽዳት አለው?

አክስቴም እንዲሁ «ስትጸዳ» ነው የወደቀችው። ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ እስከ 9 ሰዓት ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ጾማ፣ ቀሚሷ ሁሉ ሰፍቷት ነበር። ሰፈሩ «አማረብሽ» ይላታል። ጠዋት ጠዋት ግን ሽንት የሚያሸናውን የግፊት ክኒን ሳታዛንፍ ትውጣለች። አንድ እሁድ ጀበና ይዛ ከበርጩማው ስትነሳ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ጀበናው ተሰበረ። ከዳሌዋ ይልቅ ለጀበናው አለቀሰች። ወስደን ስናስለካት 92 በ58። የምትከታተልበት ቦታ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ ወረቀት እያደሰ ሲሰጣት አንድም ሰው «ቀጥነሻል፣ እስቲ መጠኑን እንየው» አላላትም።

ለነገሩ ማን ይላል? ይህች አገር ዘውዱን ለሚዛን ሰጥታለች። ፒያሳ ውረዱ፣ መገናኛ ሂዱ፣ አስፋልት ዳር ሚዛን ዘርግቶ የተቀመጠ ልጅ አታጡም። ጫማችሁን እንኳ ሳታወልቁ ኪሎአችሁን ይነግራችኋል። ጂም ስትገቡ ሚዛን፣ ስትወጡ ሚዛን። ሠርግ ላይ ሰላምታው ራሱ «ስንት ኪሎ ደረስሽ?» ሆኗል። ድሮ «ከሳሽ» ማለት «አሞሻል ወይ» ማለት ነበር፣ አሁን ምርቃት ሆነ። የቦርጩ ፎቶ «በፊት» እና «በኋላ» ተብሎ ይለጠፋል። ከፎቶው ስር «ግፊትህ በፊት ስንት፣ በኋላ ስንት?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አሳዩኝ። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ፎቶ ላይ አያምርማ!

ሚዛኑ ደግሞ ሊዋሽም ይችላል። ማቅጠኛ ሻይና ክኒን በቴሌግራም እንደ ጉድ ይቸበቸባል። ሲቡትራሚን የሚባል የማቅጠኛ መድኃኒት ነበር። ግፊትና የልብ ምት ስለሚጨምር፣ ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ ስለሚያጋልጥ በ2010 ከአውሮፓም ከአሜሪካም ገበያ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ የማቅጠኛ ሻይ፣ ቡናና እንክብሎች ውስጥ ተደብቆ ደጋግሞ አግኝቶታል። እኛ ሰፈር የሚዞረው ውስጥ ምን እንዳለ ማን መርምሮ ነገረን? እንዲህ ያለውን የጠጣች ሴት ሚዛን ላይ ስትወጣ ትደሰታለች፣ ግፊቷ ግን ሽቅብ ይወጣል። «ኪሎው ከወረደ ግፊቱም ይወርዳል» የሚለው ሕግ እዚህ ጋ ምን ይውጠው ይሆን?

መለካት ያስጨንቃል ላሉት፦ የሚያስጨንቀው ደረጃ ወጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ፋርማሲው ውስጥ እያወሩ መለካት ነው። እንዲያ ከተለካ የማን ግፊት አይነሳም? ቤት ውስጥ ተረጋግቶ፣ ጀርባን አስደግፎ፣ እግር ሳያጣምሩ፣ ክንድን በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ መለካት ማንን አስጨንቆ ያውቃል? በቀን አሥር ጊዜ ይለካ ያለም የለም። ቁጥሩን ደብተር ላይ ጽፎ ለሐኪም ማሳየት ነው፣ የክኒኑን መጠን የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው። የሽፈራው ቅጠል ጀምሬያለሁ ብሎ ክኒኑን በገዛ እጁ የሚጥለው ሰውዬም የእንግዳው የሥጋ ዘመድ ነው።

አክስቴ አሁን መለኪያ ተገዝቶላታል። ከረከቦቱ ጎን አስቀምጣዋለች፣ አቦል ሳይቀዳ ትለካለች። ከሁለት ክኒን ወደ አንድ ወርዳለች።

እንግዳውን በሚቀጥለው ቅዳሜም ይጋብዟቸው፣ ቅር አይለኝም። መለኪያም ይቅረብላቸው። ብቻ ከመለካት በፊት 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። እሱን እንኳ የሚችሉት አይመስለኝም።