ማስተካከያ፦ «ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን» «በጭራሽ» ማለት አይደለም

በደሴና በኮምቦልቻ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ ሰሞኑን ሲዘዋወር የቆየው የእንግሊዝኛ ፈሊጦች ዝርዝር «ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን» የሚለውን «በጭራሽ» ብሎ ፈትቶታል፤ ምክንያቱንም «ጨረቃ ሰማያዊ ስለማትሆን» ሲል አስቀምጧል። ፍቺውም ምክንያቱም ስሕተት ነው።

የታወቁት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንደሚያስረዱት፣ ፈሊጡ ከስንት አንዴ የሚሆንን ነገር ያመለክታል። ስለዚህ ከሐይቅ ወደ ደሴ «ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን» ይመጣል የተባለ አጎት ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ በፈተና ላይ «ኔቨር» የሚለውን የመረጠ ተማሪም ነጥቡን ያጣል።

ጨረቃዋም ብትሆን፣ የክራካቶዋ እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ1883 ከፈነዳ በኋላ በአመዱ ምክንያት ሰማያዊ መስላ ታይታለች። ዛሬ ግን «ብሉ ሙን» (ሰማያዊ ጨረቃ) የሚለው ስያሜ በአብዛኛው የሚሰጠው በአንድ የፈረንጆች ወር ውስጥ ለምትታይ ሁለተኛ ሙሉ ጨረቃ ሲሆን፣ ይህም በየሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ያጋጥማል። የሚገርመው፣ ይህ ፍቺ ራሱ የተስፋፋው «ስካይ ኤንድ ቴሌስኮፕ» የተባለው የሥነ ፈለክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1946 ካወጣው የተሳሳተ ጽሑፍ ነው፤ መጽሔቱም በ1999 ስሕተቱን አርሟል።

ዝርዝሩን ወደ ደብተራችሁ የገለበጣችሁ ተማሪዎች «በጭራሽ» የሚለውን ሰርዛችሁ «ከስንት አንዴ» በሚለው እንድትተኩት እንጠይቃለን።