ሸሪፉን ማን ያውቀዋል?
ስለ አሜሪካ ገጠር ፖሊስ የወጣው ጽሑፍ «በገጠር ካውንቲ (በግዛት ሥር ያለ አስተዳደር) ሁሉም ስለሚተዋወቅ ሰው ፖሊስን አይፈራም» ማለቱ ጨርሶ አልተዋጠልኝም። እኔ የምኖረው ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ፣ የኖብልስ ካውንቲ መቀመጫ በሆነችው ዎርዚንግተን ነው። ከተማዋን የያዛት የአሳማ ሥጋ ፋብሪካው ነው፤ ሐበሻውም ላቲኖውም ከበርማ የመጣው ካረንም እዚያ በፈረቃ ይሠራል። እዚሁ ተወልዶ ያደገው ገበሬ ሸሪፉን፣ ማለትም የካውንቲውን የፖሊስ አዛዥ፣ በስሙ ይጠራው ይሆናል፣ እኛ ግን የምናውቀው ዩኒፎርሙን ብቻ ነው። በዲሴምበር 2006 ፋብሪካውን የወረሩት የፌዴራል ኢሚግሬሽን ሰዎች ነበሩ፣ ፍርሃቱ ግን የተረፈው ለአካባቢው ፖሊስም ነው። የካውንቲው ሸሪፍም ቢሆን መለቀቅ ያለባቸውን ሰዎች የፌዴራል ኢሚግሬሽን ስለጠየቀው ብቻ እስር ቤት አቆየ ተብሎ በ2018 ተከሷል፣ በ2019 የግዛቱ ይግባኝ ፍርድ ቤት ድርጊቱን ያገደውን ትእዛዝ አጽንቷል። ታዲያ ቤቱ የተዘረፈ ሰው ፖሊስ ለመጥራት 911 ለመደወል ቢያመነታ ይገርማል? አንድ ደህና ነገር አለ፤ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ሚኒሶታ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የመኖሪያ ወረቀት አይጠየቅም፣ መንገድ ላይ ሲያስቆሙን ቢያንስ ያቺ ጭንቀት ቀንሳለች። ከላይ በአስተያየትህ «ሸሪፉ ካስቸገራችሁ ለከንቲባው አመልክቱ» ያልከው ወንድሜ፣ ከንቲባው እኮ ሸሪፉን አያዘውም! ሸሪፍ በየ4 ዓመቱ የካውንቲው ሕዝብ የሚመርጠው ሰው ነው። ዜግነት ያላችሁ እባካችሁ ምረጡ፣ እዚህ ግዛት በምርጫው ቀን እዚያው ጣቢያው ላይ መመዝገብ ይቻላል።