«ትንሽ አሳምሩልን» ለምትሉ ድርጅቶች በሙሉ

ቆይ ግን፣ የወላጆች ሥልጠና ጽሑፍ «ትንሽ አሳምሩልን» እየተባለ ለእኛ ለዲዛይነሮች የሚላከው እስከ መቼ ነው? 60 ገጽ የዎርድ ፋይል፣ ሰባት ሎጎ፣ «ለዓርብ ይድረስልን»። ጽሑፉ ገና አላለቀም፤ ማን እንደሚያጸድቀው እንኳን አልተወሰነም። የልጆች ባለሙያዋ «ገጽ 9 ላይ ያለው ምክር ልክ አይደለም» የምትለው ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ ነው።

እስቲ አንድ ገጽ ብቻ እንይ። «ልጅዎ ሲያለቅስ» ይላል። ከሥሩ ሁለት ሥዕል፦ አንዷ እናት ቀይ ክብ ውስጥ ትጮኻለች፣ ሌላዋ አረንጓዴ ክብ ውስጥ ልጇን አቅፋለች። ስክሪን ላይ ያምራል። ግን ይሄ ነገር በጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ እየተባዛ እንደሚታደል እያወቃችሁ! ኮፒ ማሽኑ ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ዓይነት ግራጫ አድርጎት ቁጭ ይላል። ማንበብ የሚከብዳት እናት ታዲያ የሚታያት ሁለት ምክር ነው፤ አንደኛው «ጩኺበት»። ልዩነቱን በቅርጽ አሳዩ እንጂ በቀለም አይሁን፦ ስህተቱ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ወፍራም ኤክስ፣ ትክክለኛው ደግሞ በመጠን እጥፍ። ስህተቱን ጭራሽ አለመሳል ግን ከሁሉም ይሻላል። ቀለም ከመምረጣችሁ በፊትም ገጹን ኮፒ አድርጋችሁ፣ የኮፒውን ኮፒ እዩት።

«ግማሽ ገጽ ብቻ ጨምሩልን» የምትሉትስ! መሃሉ በስቴፕል የሚመታ መጽሔት የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት፤ አንድ ወረቀት ሲታጠፍ 4 ገጽ ይወጣዋላ። የሞላ 24 ገጽ ላይ ግማሽ ገጽ ስትጨምሩ 28 ይሆናል፣ ሦስት ገጽ ባዶውን ይቀራል። ይሄስ ደግ። የአሰልጣኙ መመሪያ «ገጽ 14ን ይግለጡ» ይላል፣ 14 ግን 15 ሆኗል፤ አሰልጣኟ ስለ እንቅልፍ ስታወራ ወላጆቹ ስለ ጥርስ ያነባሉ። በመልመጃ ቁጥር ብትጠቅሱ ምን አለበት? «መልመጃ 3.2» ገጹ ቢዛወርም 3.2 ነው።

ይዘቱንም ቀድማችሁ አጣሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል። ከዚያ በፊት የተጻፈ የቲቪ ምክር እንዳለ አምጥቶ ቀለም መቀባት ምን ይሉታል?

ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ላኩ፤ አለዚያ ይጨመቃል። የኤ4 ገጽ ሙሉ ስፋት ላይ በጥራት ለማተም ወርዱ ወደ 2,480 ፒክስል ይጠጋ።

ደግሞ በፈጣሪ፣ ረቂቁን ለወላጆች አሳይታችሁ «ወደዳችሁት?» አትበሉ። ማን አልወደድኩትም ይላል? «ይህን ገጽ አይታችሁ ዛሬ ማታ ቤት ምን ታደርጋላችሁ?» በሉ። አምስት ወላጅ ጠይቃችሁ ሦስቱ የተለያየ ነገር ከመለሱ ገጹ ገና ነው።

ሎጎዎቹ? የኋላ ሽፋን ላይ፣ በአንድ መስመር። ሥራው ሲያልቅም ፒዲኤፉን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የሚስተካከለውን ዋና ፋይልና ፎንቶቹን ጭምር ተረከቡ። ዲዛይነሩ ቢለቅ ለአንዲት ፊደል እርማት 60 ገጽ እንደ አዲስ ይሠራል።