እንገሩን ደጅ የደፋችሁ

ወገኖቼ፣ ለሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሳትደርስ በስድስተኛ ሳምንቷ የተቀበረችው ሕፃን ስትወለድ ምንም አልነበረባትም። 3200 ግራም ትመዝን ነበር፤ አልቅሳለች፣ አፏን ከፍታ ጡት ፈልጋለች። የገደላት የእኛው ደግነት ነው።

አዋላጇ እንደተወለደች እናቷ ደረት ላይ አስተኝታት ነበር። በማግስቱ እቤት ሲገቡ ጠያቂው ሞላ። አንዷ ጎረቤት ጡቱን አልባ ቢጫውንና ወፍራሙን ወተት በሲኒ ተቀበለችና «ይሄ የከረመ ነው፣ ሆዷን ያማታል» ብላ ደጅ ደፋችው። የደፋችው እንገር ነበር! በመጀመሪያው ቀን እንገር በአንድ ጊዜ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም፤ የጨቅላ ሆድም ብዙ አይዝም። አንጀቷን ከተዋሲያን የሚከላከለው፣ ያንን ጥቁር የመጀመሪያ ሰገራ ጠርጎ የሚያወጣው እሱ ነው። በእሱ ምትክ ለጋ ቅቤ በጣት አላሷት። ቅቤ ትን ብሎ ሳንባ ከገባ ሳንባ ያቆስላል። ቀጠለና የስኳር ውኃ በጡጦ መጣ። ሆዱን በስኳር የሞላ ሕፃን ጡት ለመሳብ ምን አስቸኮለው?

ጡት የሚያመርተው የተጠባውን ያህል ነው፤ ያልወጣ ወተት ሲጠራቀም ምርቱም ይቀንሳል። በሦስተኛው ቀን ወተቱ የእናቲቱን ጡት ሲሞላው የሚጠባው አልነበረም። አብጦ ደነደነ። ልጅቷ የጡቱን ጫፍ ብቻ ስትይዘው ደግሞ ተሰነጠቀ። አፏን በሰፊው እስክትከፍት መጠበቅ፣ ከጫፉ ዙሪያ ያለውን ጥቁሩን ክፍል አብዝቶ ማጉረስ፣ አገጯ ጡቱን መንካቱንና የታችኛው ከንፈሯ ወደ ውጭ መገልበጡን ማየት፣ ቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማጥባት፤ የሚያስፈልገው ይኸው ነበር። ያን ሁሉ ሰው ሲገባና ሲወጣ ይህን ያሳያት አንድም አልተገኘም። «ወተት የላትም» ተብሎ ተፈረደባት።

የቆርቆሮ ወተት ተገዛ። ዋጋውን ታውቁታላችሁ፤ 400 ግራሙ አንድ ሳምንት እንኳ አያደርስም። ለማብቃቃት ሲባል ቆርቆሮው ላይ «ለ90 ሚሊ ሊትር ውኃ 3 ማንኪያ» የሚለው ወደ 1 ወረደ። ጡጦው ሙሉ፣ ልጅቷ ረሃብተኛ። ውኃ በዝቶባት በደሟ ያለው ጨው ከልክ በታች ወረደ፣ አንጎሏ አበጠ፣ ያንቀጠቅጣት ጀመር። «መጋኛ ነው» አልን፤ ሌሊቱን እቤት አሳደርናት። ጠዋት ሐኪም ቤት ስትደርስ አልቆ ነበር።

አንጀቴን የሚያሳርረው፣ ለቅሶው ላይ እናቲቱን «ጡቷ ደርቆባት እኮ ነው» ያሉት እነዚያው ጠያቂዎች መሆናቸው ነው። እናንተ ሰዎች፣ ማን አደረቀው?

ጉዳቱ ደግሞ ለልጅቷ ብቻ አልነበረም። ወዲያው እንደወለዱ ማጥባት ማህፀንን አኮማትሮ ደም መፍሰሱን ይቀንሳል፤ ማጥባት የጡትና የእንቁላል እጢ ካንሰርን አደጋም ያሳንሳል። የነጠቅናት ይህንንም ነው።

መሥሪያ ቤቶችም ከደሙ ንጹሕ አይደላችሁም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የ90 ቀን ዕረፍት ፈቅዷል፤ ጡት ብቻ የሚጠባው ግን 6 ወር ሙሉ ነው፣ በቆላም ቢሆን ውኃ ሳይጨመር። የቀሩትን ወራት ወተቷን የምታልብበት፣ በሩ የሚዘጋ አንዲት ክፍል ስጧት። ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ 4 ቀን ይቆያል።

አራስ ጥየቃ መቼም አይቀርም፤ ገንፎውን ብሉ፣ መርቁ። መጠየቅ ካማራችሁ «ስንቴ ሸናች?» በሉ። ከአምስተኛው ቀን ወዲያ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና ልጅ ወተት እያገኘ ነው። ካነሰ ጡጦ አታምጡ፤ እናትና ልጅን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

እዚያው ግቢ ውስጥ በዚህ ወር የምትወልድ ሌላ ሴት አለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለአማቷ ስለ እንገሩ ነግራቸዋለች። «እስቲ እናያለን» ብለዋል። እምቢ አላሉም።