«ፊልሙን አይቼዋለሁ» አትበሉኝ

ኧረ በፈጠራችሁ! የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» ሦስተኛ መጽሐፍ እያነበብኩ ነው ባልኩ ቁጥር «እሱን እንኳ ፊልሙን አይቼዋለሁ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ከዚያ መጨረሻውን ሊነግረኝ ይጀምራል። ያ የክፋት ኃይል ያለው ቀለበት እሳት ውስጥ ገባ፣ ቀለጠ፣ አለቀ። አላለቀም!

ፊልሙን አልጠላውም። እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ የታጨባቸውን 11 ኦስካሮች በሙሉ ጠራርጎ ወስዷል፤ ይገባዋልም። መጽሐፉ ላይ ግን ቀለበቱ ከጠፋ በኋላ ገና ስድስት ምዕራፍ ይቀራል። ከስድስቱ ደግሞ እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደውን ፊልሙ ዘሎታል።

አራቱ ሆቢቶች፣ ማለትም ቀለበቱን ለማጥፋት የወጡት ቁመተ አጫጭር ፍጡሮች፣ ያን ሁሉ መከራ አይተው ወደ አገራቸው ወደ ሻየር ይመለሳሉ። መሽቷል፤ ዝናብ አብስብሷቸዋል። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ በሩ ተቆልፏል። እንደምንም ገብተው ዘበኞቹ ቤት ሲያርፉ ግድግዳው ሁሉ የክልከላ ዝርዝር ተለጥፎበታል። ከአራቱ አንዱ ፒፒን ቀዳዶ ይጥለዋል። ገበሬው ያመረተውን እየዞሩ የሚቆጥሩ፣ የሚለኩ፣ «እናከፋፍላለን» ብለው መጋዘን የሚከቱ ሰዎች መጥተዋል። ሲሰበስቡ እንጂ ሲያከፋፍሉ ግን ብዙም አይታዩም። ዛፉ ተቆርጧል። ወንዙ ቆሽሿል። የሩቁን ጠላት አሸንፈው ሲመጡ የገዛ ደጃቸው ተወሯል! ያን ጊዜ የሚደርስላቸው ጠንቋይ የለም፣ ንጉሥ የለም። ራሳቸው ሕዝቡን ቀስቅሰው ይዋጋሉ፤ 19 ሆቢቶች ይሞታሉ። ቀለበቱን ተሸክሞ የሄደው ፍሮዶ ግን ሰይፍ አይመዝም። እጅ የሰጡትን እንዳይገድሉ ወገኖቹን ሲለምን ነው የሚውለው። ይሄን ያላነበበ ሰው መጨረሻውን ሊነግረኝ ሲሞክር ደሜ ይፈላል።

ቶልኪን እኮ ይሄን ዝም ብሎ አልጻፈውም። ልጅ ሆኖ የኖረበት ገጠር አሥር ዓመት ሳይሞላው ሲበላሽ እንዳየ በመቅድሙ ላይ ጽፏል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ሶም ላይ ተዋግቷል። እዚያው መቅድም ላይ እስከ 1918 እ.ኤ.አ. ድረስ ከቅርብ ጓደኞቹ ከአንዱ በቀር ሁሉም እንደሞቱ ይናገራል። ከጦርነት የተመለሰ ሰው ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚገጥመው ያውቃል።

ደግሞ አሉ፣ መጽሐፉን ጀምረው «መጨረሻው ተንዛዛ» ብለው የሚተዉት። ምኑ ነው የተንዛዛው? ፍሮዶ የቆሰለባቸው ቀናት በየዓመቱ ሲመጡ ይታመማል። አንዴ አብሮት የዘመተው ጓደኛው ሳም በሌለበት አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ አንገቱ ላይ ያሰራትን ነጭ ዕንቁ ጨምድዶ ይዞ ያገኙታል። ሳም ሲመለስ ግን ሕመሙ አልፎለት ነበር፤ አንድም ቃል አይነግረውም። በገዛ አገሩ እንኳ የሚያከብረው ጥቂት ነው። ሳም ይሄን እያየ ያዝናል። እኔም አንጀቴን ይበላኛል። ያ ሁሉ ሺህ ገጽ የተጻፈው እዚህ ለመድረስ ነው እኮ! ቀለበቱ ሲቀልጥ አጨብጭቦ የወጣ ሰው ፍሮዶ ምን እንደከፈለ በምን ያውቃል?

መጽሐፉ ቤታችሁ ካለ የተዋችሁበትን ገጽ ፈልጉና ቀጥሉ። ስትጨርሱ ኑና እንደፈለጋችሁ እንከራከር። እስከዚያ ግን መጨረሻውን እንዳትነግሩኝ።