የግርጌ ማስታወሻው ባለቤቶች

እኛ የዋሽንግተን ሐበሾች በታሪክ ክርክር አንታማም። ሲልቨር ስፕሪንግ አንዱ ካፌ ውስጥ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ዮዲት ተነሥታ፣ ዛጉዌ ወድቆ፣ ግራኝ ዘምቶ ያልቃል። «ምንጭህ ምንድን ነው?» የተባለ ሰው ስልኩን አውጥቶ ዩቲዩብ ይከፍታል።

የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እኮ አፍንጫችን ሥር ነው። ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ መታወቂያ አሳይቶ የአንባቢ ካርድ በነጻ ያወጣል። ናይሮቢ ያለው ቢሯቸው ከኢትዮጵያም ጭምር መጻሕፍት እየሰበሰበ ይልካል። ኡበር የሚነዳው ወገኔ በየቀኑ በደጃፉ ያልፋል። ሥራ ይበዛል፣ አልፈርድም። እሺ፣ ትንሽ እፈርዳለሁ።

አገር ቤት ደግሞ አንባቢው ሞልቶ መጽሐፉ ነው የሚጠፋው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ከ1270 እስከ 1527 ስላለው የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ የጻፉት ትልቅ ሥራ በ1972 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ታተመ። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ እጅ ያየሁት ግን የኮፒ ኮፒ ነው። ከመደብዘዙ ብዛት ቁጥሩ አይለይም፤ ከገጹ ሥር ተቆርጦ የግርጌ ማስታወሻው ግማሹ የለም።

እኔን ደግሞ የሚያንገበግበኝ ያ የግርጌ ማስታወሻ ነው። ስለ አንድ የኢትዮጵያ ከተማ ወይም አውራጃ የተጻፈ የውጭ መጽሐፍ ግርጌውን ብታዩ፣ ያልታተመ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ በተደጋጋሚ ታገኛላችሁ። የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪ ለመመረቂያው ብዙውን ጊዜ ወደ ትውልድ አገሩ ይመለስ ነበር። ስለ ገበያው፣ ስለ ባላባቱ፣ ስለ ጣሊያን ዘመን ሽማግሌ ይጠይቃል። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ የመረጃ ሰጪዎቹ ሠንጠረዥ አለ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ ቀን። በመጨረሻው ዓምድ ስለ ሰውየው አንድ ሁለት መስመር ይጨመራል። የት እንደዘመቱ፣ ምን እንደሚያውቁ። እኔ ከጽሑፉ ይልቅ ይህን ዓምድ ነው የማነበው።

እነዚያ ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ቃላቸው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀው ያንን ነበርና። ከዚያ ምሁራን ጠቅሰውት ባሕር ይሻገራል፣ አውሮፓ ውስጥ በጠንካራ ሽፋን ይታተማል፣ ዋጋው ለአንድ የአገር ቤት መምህር የሚቀመስ አይሆንም። በምሁራኑ አልፈርድም፤ ምንጫቸውን በስሙ ጠርተዋል። ሐምቡርግ ላይ ተዘጋጅቶ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በ5 ቅጽ የወጣውን የኢትዮጵያ ጥናት ኢንሳይክሎፒዲያም ያየ ሰው የሠሩትን ልፋት አይክድም። ግን የሽማግሌው የልጅ ልጅ አያቱ ምን እንዳሉ ማወቅ ቢፈልግ መጀመሪያ ስድስት ኪሎ፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛ ይጠብቁታል።

እኛ እዚህ የየአካባቢያችን ማኅበር አለን። በዓመት አንዴ አዳራሽ ተከራይተን እራት እንበላለን፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ እናዋጣለን። ጥሩ ነው። ባለፈው ስብሰባ ስለ አገራችን ከተጻፉት የመመረቂያ ጽሑፎች አንዱን፣ ጸሐፊውን አስፈቅደን፣ እናስተርጉምና እናሳትም ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ጋሼ እጃቸውን አወጡ።

«ድንበሩን ግን የት ያደርገዋል?»